ለአዴ ሚዶሪ መርዶ የሚሆን ግስ

አባዬ፣

ከተለየኸን ሰባት ወር ሆነ። የግቢው በር አዲስ ቀለም ተቀብቷል፤ እማዬም ሸነን እህቷ ዘንድ ሰንብታ አምቦ ተመልሳለች። ያ የእንግሊዝኛ–ጃፓንኛ መዝገበ ቃላትህ ግን ጠረጴዛዬ ላይ ተዘርግቶ ያቃጥለኛል። ዛሬ የምጽፍልህ ተናድጄ ነው።

ጃፓናዊቷ ወዳጅህ አዴ ሚዶሪ መሞትህን አታውቅም። ጉደር ለገበሬ የአትክልት ሥራ ስታስተምር አስተረጎምክላት፤ አንተም ጃፓንኛውን ከእሷ ቀስመህ ለእኔ አስተማርክ። አገሯ ከገባች በኋላም ደብዳቤዋ ባንተ ስም ይመጣል። ጥፋቱ የእኔ ነው። መርዶ በድንገት አይነገርም ብዬ መጀመሪያ ትንሽ አሞታል ብዬ ጻፍኩላት። የእኛ ሰው ቢሆን ወዲያው ይገባውና ነጠላውን አዘቅዝቆ ይመጣል። እሷ ግን እግርህ እንዳይበርደው ብላ የሱፍ ካልሲ በእጇ ሠርታ ላከችልህ! አፈርኩ።

ስለዚህ እውነቱን ልጽፍላት ተቀመጥኩ። ሞተ ለማለት እንግሊዝኛው አንድ ቃል ነው፤ ለሰውም ለውሻም ይሆናል። ጃፓንኛው ግን መዓት ነው። አንዱ ግስ ደረቅ ነው፤ በሬ የሞተብን ያስመስላል። ሌላው የክብር ነው፤ ደስ ብሎኝ ጻፍኩት። ከዚያ የገጹ ዳር ላይ በእርሳስ ያሰፈርከውን አየሁ፤ ለሰው አባት እንጂ ለራስ አባት አይባልም ይላል። እንዴ! ሰፈሩ ሁሉ አንቱ ሲልህ ኖሮ የገዛ ልጅህ ላከብርህ አልችልም? ሞተህም ታርመኛለህ?

በረንዳው ላይ ስታስተምረኝ፣ ብርቱካን ሰጠኋት የሚለውን አንድ የጃፓንኛ ዓረፍተ ነገር ወረቀቱ እስኪቀደድ ድረስ ያስደመሰስከኝ ትዝ አለኝ። ማን ለማን እንደሚናገር ሳታውቂ ግስ አትምረጪ ትለኝ ነበር። አልቅሼ ነበር እኮ ያን ቀን።

እሺ፣ ማን ለማን ነው? ልጅ ለአባቷ ወዳጅ። ለስለስ ያለውን፣ ከእንግዲህ የለም ከማለት የሚቀርበውን ግስ ጻፍኩና ፖስታውን አሸግኩ።

እውነቱን ልንገርህ አባዬ፣ ግሱ ሰበብ ነበር። ይህ ደብዳቤ ከደረሰ በኋላ ባንተ ስም የሚመጣ ነገር የለም። ሰባት ወር ሙሉ አሞታል እያልኩ ያታለልኩት ራሴንም ነው።

ነገ ፖስታ ቤት እወስደዋለሁ። ካልሲህን እኔ አድርጌዋለሁ፤ ይሰፋኛል። የእርሳስ ጽሑፍህን አንዱንም አልደመስስም፤ መዝገበ ቃላቱን በገለጥኩ ቁጥር እየተቆጣሁህ አስታውስሃለሁ።

ልጅህ ጫልቱ