መኪናዬ ቆማ ነበር

ሰኞ፣ ኅዳር 8 ቀን 2012

ቶሎሳ ከዳኝ። ሠላሳ ዓመት የማውቀው ሰው፣ በዓይኑ ያየውን አልመሰክርም አለኝ። ሌላ ስም የለውም፤ ክህደት ነው።

ነገሩን እንደሆነው ልጻፈው። ባለፈው ወር ከጎጆ ከተማ ድንች ጭኜ ወደ አምቦ ስወርድ ቶሎሳ ጋቢና ውስጥ አጠገቤ ነበር። ኩርባው ላይ የጎጆዋ ገበሬ አዴ ጫልቱ የተጫነ ፈረስ እየሳበች ስትመጣ አየሁ። ፈረስ መኪና ሲያይ የሚሆነውን ስለማውቅ ዳር ይዤ ቆምኩ። የእጅ ፍሬንም ያዝኩ። ከኋላ የመጣ ሚኒባስ ክላክሱን እያንባረቀ አለፈን። ፈረሱ በረገገና ሴትዮዋን ከመኪናዬ ጋር አላተማት። ክንዷ ተሰበረ። ሚኒባሱ ዞሮም አላየን።

ጭኛት ወደ ሆስፒታል በረርኩ። ትራፊኩ የአደጋውን ፕላን ሊያነሳ ሲደርስ መኪናዬ ቦታዋ ላይ የለችም። ገጭተህ ነው አለኝ። የልጄ እኩያ ሆኖ አንተ አለኝ። መንጃ ፈቃዴን ወሰደ። አዴ ጫልቱም የምታስታውሰው የእኔን መኪና ብቻ ነው፤ ያንኑ መሰከረች። አልፈርድባትም።

በሠላሳ ስድስት ዓመት ዶሮ እንኳ አልገጨሁም።

ዓርብ ፍርድ ቤት የመከላከያ ተራዬ ነው። ዛሬ ቶሎሳ ቤት ሄጄ ና መስክርልኝ አልኩት። መሬት መሬት እያየ፣ ከአዴ ጫልቱ ቤተሰብ ጋር ለምትታረቁት እርቅ ሽማግሌ ሆኜ ተቀምጫለሁ፣ አልችልም አለኝ። ያቀረቡልኝን ሻይ ሳልነካ ወጣሁ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ክሱ በቁቤ፣ በላቲኑ ፊደል ነው የተጻፈው። ችሎት ላይ ሲነበብ ሰምቼዋለሁ፤ ኦሮምኛ አፌን የፈታሁበት ነው። ማንበብ የተማርኩት ግን በመሠረተ ትምህርት፣ በአማርኛ ነው። ስለ እኔ የተጻፈን በራሴ ዓይን ማንበብ አለብኝ። ጠዋት መነጽሬን አድርጌ ሦስት መስመር ተወጣሁ። አራተኛው አስቸገረኝ። እመለስበታለሁ።

ሴት ልጄ ከነቀምት ደወለች። አባዬ፣ ጥፋተኛ ነኝ በልና ተገላገል አለችኝ። ያላጠፋሁትን አላምንም አልኳት። ካርዷ እንዳያልቅ ብዬ ዘጋሁት።

ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ በዚህ ቤት ድምፅ የሚባለው የመኪናዋ ሞተር ነበር። አሁን ግቢ ውስጥ ቆማለች። ያለ ፈቃድ አልነዳትም። ባትሪዋ እንዳይሞት አስነስቼ ትንሽ ተቀመጥኩባት። መልሼ አጠፋኋት።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

ለችግረኛ በነጻ የምታማክር ጠበቃ አለች ሲሉኝ ሄድኩ። ችግረኛ አይደለሁም፤ ይህን አስቀድሜ ነገርኳት። አባባ አለችኝ። ስሜ ደምሴ ነው አልኳት። ከዚያ በኋላ በአክብሮት ኦቦ ደምሴ አለች።

ያለችኝ ይህ ነው። አሁንም ቢሆን ማመን ይቻላል፤ ከታረቅን ደግሞ ቅጣቱ ይቀላል፣ ክሱ ግን አይቀርም። ካላመንኩ ምስክር ያስፈልገኛል። ከተፈረደብኝ ይግባኝ አለ። ምስክሩ እምቢ ካለ ፍርድ ቤት በመጥሪያ ያስገድደዋል። እዚህ ላይ ወንበሬን ጠጋ አደረግሁ።

ሽማግሌ መላኬን ዐቃቤ ሕጉ እንደ ማመን ሊያነሳብኝ እንደሚችልም ነገረችኝ። ተቆጣሁ። ሰው ሲጎዳ ጥፋት ኖረም አልኖረም ሽማግሌ ይላካል። አለመላክ ነው ነውሩ። እሷም የዚሁ አገር ልጅ ናት፣ ይጠፋታል?

አይጠፋትም። "ኦቦ ቶሎሳን ታዲያ ሽማግሌ አድርጎ የላከው ማን ነው?" አለችኝ።

"እኔ።"

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

በሁለት ወገን መካከል የተቀመጠ ሽማግሌ ለአንዱ እንደማይመሰክር የማላውቅ ሰው አይደለሁም። ያን ቀን ግን ሆስፒታሉ በር ላይ፣ ቤተሰቧ ያከብሩሃል፣ አንተ ሂድልኝ ያልኩት እኔ ነኝ። አንድ ምስክር ነበረኝ። በገዛ አፌ ሽማግሌ አደረግሁት።

ቢሆንም መጥሪያውን አስወጣሁ። ኪሴ ውስጥ ነው።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

በሰው መኪና ጎጆ ወጣሁ። ሹፌሩ ማርሽ ባንጫጫ ቁጥር ጥርሴን ነከስኩ።

ሽማግሌዎቹ አዴ ጫልቱ ግቢ ተቀምጠዋል። እርቁ ሳያልቅ መግባት ስለማይገባኝ አጥሩ ውጪ ቆሜ አስጠራሁት። ቶሎሳ ብቻውን ወጣ። ወረቀቱን አይቶ ገባው። እጁን ዘረጋ።

"ስጠኝ። ሕግ ነው፣ እመጣለሁ። መኪናዋ ቆማ ነበር ብዬ እናገራለሁ፤ እውነት ነው። ከዚያ በኋላ ግን በዚህ አገር ለሽምግልና የሚጠራኝ የለም። እነዚህም ሰዎች ካንተ ጋር አይታረቁም።"

በአጥሩ ክፍተት አዴ ጫልቱ ትታየኛለች። አንድ ክንዷ ታስሮ በሌላው ገብስ ታሰጣለች።

ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ መለስኩት። ተሳስቼ ነው የመጣሁት አልኩት።

"ደምሴ ተሳሳትኩ አለ? ይህን መስማቴን ማን ይመስክርልኝ?"

እሱ ፊት አልሳቅሁም። ስመለስ ግን፣ ኩርባው ላይ፣ ትንሽ ሳቅሁ።

ዓርብ፣ ኅዳር 12

ዳኛዋ ምስክር አለዎት ወይ አሉኝ። የለኝም አልኩ። መጥሪያ ወስደዋል እኮ አሉኝ። አልሰጠሁትም አልኩ። መኪናዋ ቆማ እንደነበር ቆሜ ተናገርኩ። ጻፉት።

ተፈረደብኝ። መቀጮ አለው፤ እሱ ግድ የለም። መንጃ ፈቃዴ ለስድስት ወር ታገደ። ይግባኝ መብትዎ ነው አሉኝ። ያው ምስክር ነው የሚጠየቀው። አልልም።

ብቻዬን ወጥቼ በእግሬ ቤቴ ገባሁ። አንድ ሹፌር አውቆኝ ግባ ላድርስህ አለኝ። እንዳልሰማ አለፍኩት።

እሑድ፣ ኅዳር 14

ትናንት እርቁ አለቀ። ጎጆ ሄጄ የአዴ ጫልቱን አባት ጉልበት ሳምኩ። ክንዷ እየዳነ ነው።

ዛሬ ቶሎሳ መጣ። ስለ ዓርቡ ሊጀምር ሲል ተው አልኩት። ተወ። መኪናዋን የማስነሳበት ሰዓት ነበር፤ ተነስቼ ገባሁባት። ሳልጠራው የጋቢናውን በር ከፍቶ በቦታው ተቀመጠ። ሞተሩ ሲሞቅ ሁለታችንም በመስታወቱ የግቢውን አጥር እናያለን።

"ፍሬን ይዘሃል?" አለኝ።

"ይዣለሁ።"

ከዛሬ ጀምሮ ይህን ነገር አላነሳውም። ለእሱም፣ ለልጄም፣ ለዚህ ደብተርም።