ወይዘሮ ሸዋረገድ ጀምበሬ፣ የሴሎቹ ጠርሙስ አጣቢ (1955–1990 ዓ.ም.)

ወይዘሮ ሸዋረገድ ከአባታቸው ከአቶ ጀምበሬ ወልደ ሚካኤልና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሀረገወይን በ1955 ዓ.ም. በደሴ ከተማ ተወለዱ። እዚያው እስከ አሥረኛ ክፍል ተምረው በ1974 ዓ.ም. አቶ ወንደሰን ያዕቆብን አገቡ፤ አንድ ልጃቸውን ማርያማዊትንም ወለዱ። ባለቤታቸው በወጣትነት በሞት ስለተለዩአቸው ልጃቸውን ለእናታቸው አደራ ሰጥተው በ1985 ዓ.ም. ቤይሩት ገቡ።

አሽራፊዬ በሚባለው የከተማዋ ሰፈር በአንድ ቤት ሦስት ዓመት በቤት ሠራተኝነት አገለገሉ። ማዳማቸው ትርፍራፊ ሲደፋ ማየት የማይወዱ ሴት ስለነበሩ፣ የተጋመሱ የዘይት ጠርሙሶችን አንዱን በአንዱ ላይ መገልበጥ ለወይዘሮ ሸዋረገድ ልማድ ሆነባቸው። ከዚያ ቤት ሲወጡ የመኖሪያ ወረቀታቸው እዚያው ቀረ። ሀደት በሚባለው ሰፈር ከእኛ ከአገራቸው ልጆች ጋር ክፍል ተከራይተው ቆዩና በ1989 ዓ.ም. ዶክተር ሙና በተባሉ ተመራማሪ ላቦራቶሪ በጠርሙስ አጣቢነት ተቀጠሩ።

እዚያ ከሕሙማን የተወሰዱ ሴሎች ቀይ ፈሳሽ እየተመገቡ በጠርሙስ ይራባሉ፤ ሲበዙ ፈሳሹ ቢጫ ይሆናል። አንድ ተማሪ የመመረቂያ ጥናቱን የሚሠራው ዘገምተኛ በሚባሉ የጉበት ሴሎች ላይ ነበር። ወይዘሮ ሸዋረገድ ግን እነዚህም እንደ ፈጣኖቹ የማኅፀን ካንሰር ሴሎች በሁለት ቀን ቢጫ እንደሚሆኑ አስተዋሉ። ወዲያው ራሳቸውን ጠረጠሩ። ተከፍቶ የተረፈ ፈሳሽ እንዳይባክን ብለው እንደ ዘይቱ አንዱን በአንዱ ላይ ይገለብጡ ነበርና። አንዲት ሴል በዚያ ብትሻገር ፈጣኗ ዘገምተኛዋን አጥፍታ ቦታዋን እንደምትወርስ፣ ዶክተሯ ለተማሪዎቻቸው ሲናገሩ ሰምተዋል።

ዝም እንዲሉ መከርናቸው። ከመካሪዎቹ ሁሉ አጥብቃ የለመነቻቸው ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀችው የአክስታቸው ልጅ ሉሊት ነበረች፤ ወረቀት ለሌለው ሰው መባረር ማለት ምን እንደሆነ ታውቃለችና። እሳቸው ግን «ኸላስ፣ በቃ፣ ሉሊት! በዚህ ሴል መድኃኒት ነው የሚሞክሩት፤ ያኒ፣ ማለቴ የሰው ሕይወት ነው» ብለው በጥር 1990 ዓ.ም. ሁሉንም ለዶክተሯ ተናገሩ።

ተማሪው ጥናቱን አቆመ። ሴሎቹ ማንነታቸው እንዲጣራ ወደ ውጭ አገር ተላኩ። ዶክተሯ ባያባርሯቸውም ወደ ሴሎቹ ክፍል እንዳይገቡ ከለከሏቸው። ወይዘሮ ሸዋረገድ የዚያን ልጅ ድካም ከንቱ ያስቀሩት እሳቸው እንደሆኑ አምነው፣ ነገሩን ሲያብሰለስሉ ከረሙ። በኋላም በኩላሊት ሕመም ሲሠቃዩ ቆይተው ሰኔ 3 ቀን 1990 ዓ.ም. በሠላሳ አምስት ዓመታቸው ዐረፉ።

አስከሬናቸው ወደ ደሴ የሚሄድበትን ፈቃድ ስንጠብቅ፣ በዘጠነኛው ቀን ዶክተር ሙና መልሱን ይዘው ሀደት መጡ። የጉበት የተባሉት በእርግጥም የማኅፀን ካንሰር ሴሎች ሆነው ተገኙ። ሆኖም ወይዘሮ ሸዋረገድ ከመቀጠራቸው ከሁለት ዓመት በፊት በበረዶ የተቀመጠው የእነዚሁ ሴሎች ናሙናም ያው የማኅፀን ካንሰር ነበር። እሳቸው ባይናገሩ ኖሮ ማንም አይመረምረውም ነበር። ዶክተሯ ይህን ነግረውን በራችን ላይ ቆመው አለቀሱ።

እናታቸው ወይዘሮ ሀረገወይን፣ ልጃቸው ማርያማዊትና እኛ የሀደት ወዳጆቻቸው በሐዘን ቀርተናል። አምላክ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልን፤ ማርያማዊትንም ይጠብቅልን። በሕይወት ሳሉ ሳይሰሙት ያለፉትንም ዛሬ በአስከሬናቸው ፊት እንነግራቸዋለን፦ እትዬ ሸዋረገድ፣ ጥፋቱ የእርስዎ አልነበረም።