ዘጠኝ ቁራጭ ስፖንጅ

አለፍኩ። ድምፄ አለፈ። በሦስተኛው ሙከራ፣ ያውም በመጨረሻው፣ «ተቀብለነዋል፤ መጽሐፉን ይጀምሩ» አሉኝ። ሰላምታውን እደርስበታለሁ፤ መጀመሪያ ይሄን ካልነገርኩሽ እጄም እሺ ብሎ አይጽፍልኝም።

ውድ እህቴ፣ እንዴት ነሽ? ባልሽ እንዴት ነው? ከተማው ተስማማሽ? የስፌት መኪናሽስ መንገድ ላይ ሳይጎዳ ደረሰ? ሰባት ወር ሙሉ አንድ መስመር ሳልጽፍልሽ ከርሜ ዛሬ ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ መጠየቄ ያሳፍራል። ስልክ ስትደውዪም «ደህና ነኝ፣ ሥራ ይዣለሁ» እያልኩ ቶሎ እዘጋብሽ ነበር። ምንም አልያዝኩም ነበር። ቁጭ ብዬ ነበር።

ነገሩን ከሥሩ ላውራልሽ። አንቺ በሄድሽ በሁለተኛው ወር የዓይነ ስውራን ቤተ መጻሕፍት ማስታወቂያ አወጣ፤ የተማሪ መጻሕፍትን ቤታቸው ሆነው በድምፅ የሚቀርጹ አንባቢዎች ይፈልጋል። ታውቂኛለሽ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ስልክ ቤት ተቀምጬ «ይጠብቁ፣ አገናኝዎታለሁ» ስል የኖርኩ ሴት ነኝ። ማሽን መጥቶ ከወንበሬ ሲያስነሳኝ ይዤው የወጣሁት ነገር ቢኖር ድምፄን ነው። ደግሞስ አንቺ ስትሰፊ እኔ ጋዜጣውንም ልብ ወለዱንም ጮክ ብዬ ሳነብልሽ አይደል ዕድሜያችን የነጎደው? ተመዘገብኩ። ማይክ አዋሱኝ። ሦስት የሙከራ ዕድል አለዎት፣ በሦስቱ ካልሆነ ማይኩን መልሰው እንሰነባበታለን አሉኝ። እኔም ይሄ ከቀረብኝ ጠዋት ከአልጋ የምነሣበት ምክንያት እንደማይኖረኝ አውቄ ነው የገባሁበት።

መቅረጫ ያደረግኩት የአንቺን ክፍል ነው። ከጂኦግራፊው መጽሐፍ ስለ ወንዞች የሚያወራውን ምዕራፍ አንብቤ ላክሁ። በሳምንቱ የድምፅ ባለሙያቸው ደወለ። ሸበቶ ሰውዬ ነው፤ መሥሪያ ቤቱ በሙሉ «ጆሮ» ይለዋል፣ እሱም እናቱ እንዳወጣችለት ሁሉ አቤት ይላል። አነባበቤን አመሰገነና አንድ ነገር ጠየቀኝ።

«እህቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ የሚያነቡበት ክፍል ባዶ ነው?»

«ባዶ ማለት?»

«ምንጣፍ የለውም፣ መጋረጃ የለውም፣ አልጋም ያለበት አይመስለኝም። ድምፅዎ ግድግዳ እየመታ ይመለሳል። ባዶነቱ ይሰማል።»

ስንት ወር «ደህና ነኝ» በምትል ቃል ሸፍኜ የያዝኩትን ነገር፣ አንድ የማላውቀው ሰው በአንድ ምዕራፍ ንባብ ውስጥ ሰማው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ ቀረጻውን ደግሜ ሳዳምጠው እያንዳንዱ ቃል ጅራት አለው። በመጀመሪያ የተናደድኩት በአንቺ ነው። ክፍሉን ማን ባዶ አደረገው ብዬ።

ማን እንዳደረገው ግን አውቃለሁ። የጭነት መኪናው በር ላይ ቆሞ «እትዬ፣ ምንጣፉን ልተውልሽ?» ብለሽኝ ነበር። «ምን ያደርግልኛል፣ ውሰጂው» አልኩ። መጋረጃውንም ጠየቅሽኝ፣ ቁም ሣጥኑንም ጠየቅሽኝ። እኔ ሸሚዝ እየተኮስኩ፣ ቀና ብዬ እንኳ ሳላይሽ፣ ሁሉንም ጫኚው አልኩ። አንድ ሸሚዝ ስንት ጊዜ ነው የሚተኮሰው? አንቺም ገብቶሽ ነበር። በአርባ አራት ዓመትሽ የራስሽን ትዳር ስታገኚ እልል ማለት ሲገባኝ፣ በዓለም ላይ የተተወ ሰው እኔ ብቻ የሆንኩ መሰለኝ። ከዚያ ይባስ ብዬ ለጎረቤቱ ሁሉ «ቤቱን ጠርጋብኝ ሄደች» ብዬ አወራሁ። ይሄን ከሌላ ሰው ከምትሰሚው ከእኔ ስሚው።

ወደ ጆሮ ልመለስ። የድሮ ስቱዲዮአቸው ሲታደስ የተረፈ የድምፅ ስፖንጅ ነበረው። አሥራ ሁለት ቁራጭ፣ ጥቁር ግራጫ፣ በአንድ ወገን ልሙጥ፣ በሌላው ወገን እንደ እንቁላል መያዣ ጥርስ ጥርስ ያለው። መጋዘን ውስጥ አቧራ ከሚጠግብ እርስዎ ዘንድ ይሥራ ብሎ ላከልኝ። እኔ ደግሞ የኔ ነገር፣ አቧራ አየሁ ብዬ በሳሙና አጠብኩት። አራት ቀን አልደረቀም። ሲደርቅ ልሙጡ ወገን ንጹሕ ሆኖ ስለታየኝ እሱን ወደ ውጭ፣ ጥርሱን ወደ ግድግዳ አድርጌ በማስቲሽ ለጠፍኩት። አሥራ ሁለቱንም በር ሲከፈት ፊት ለፊት በሚታየው ግድግዳ ላይ በመስመር ደረደርኩት፣ እንግዳ ሲገባ እንዲያየው። የትኛው እንግዳ እንደሆነ አትጠይቂኝ።

ሁለተኛው ሙከራ ወደቀ። የክፍሉን ፎቶ አንስቼ ላክሁለት።

«እህቴ፣ ስፖንጁን ምን ብለው አስቀየሙት? ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ እኮ ነው የቆመው» አለኝ።

እየሳቀ ቢሆንም ነገሩን አስረዳኝ። ጥርሱ ወደ ክፍሉ መዞር አለበት። አንድ ግድግዳ ላይ ተከምሮ ሌላው ራቁቱን ከቀረ ዋጋ የለውም። ደግሞ ከጓሮ የሚመጣውን የብየዳ ጩኸት ያስቀርልኛል ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር፤ እሱንም ቁርጡን ነገረኝ። ስፖንጅ ከውስጥ ወጥቶ የሚመለሰውን ድምፅ ይውጣል እንጂ ከውጭ የሚገባውን አይከለክልም።

ልነቅለው ስታገል ጥርሱ ግድግዳው ላይ እየቀረ ሦስቱ ተበጣጠሰብኝ። ዘጠኝ ቀረኝ፤ ሙከራውም አንድ ብቻ፣ ያውም እስከ ሰኞ። በዘጠኝ ቁራጭ ደግሞ በግምት መለጠፍ አይሆንም። ጆሮ ዘዴውን ነገረኝ፤ እኔ ማይኩ ፊት እቀመጣለሁ፣ ሌላ ሰው መስታወት ይዞ በግድግዳው ላይ ያንሸራትታል፣ በመስታወቱ ውስጥ ማይኩን ያየሁበት ቦታ ድምፄ ነክቶ የሚመለስበት ነው፣ እዚያ ላይ እለጥፋለሁ። «አንድ ሰው ይያዝልዎት» አለኝ። እሺ ብዬ ስልኩን ዘጋሁ።

ከዚያ መስታወቱን እንደያዝኩ ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። አንድ ሰው። ወንበር ላይ አቆምኩት፣ ተመልሼ ተቀመጥኩ፣ አየሁ፤ ተነሣሁ፣ አንድ ስንዝር አዛወርኩት፣ ደግሞ ተቀመጥኩ። በገመድ አንጠለጠልኩት፤ ይዞራል። ቅዳሜን በሙሉ እንዲህ ዋልኩ። እህቴ፣ በሰባት ወር ውስጥ እንደዚያ ቀን ሆድ ብሶኝ አያውቅም። መስታወት ለመያዝ ዕውቀት አይጠይቅም፤ ሰው ብቻ ነው የሚጠይቀው።

እሑድ ጠዋት ወደ ባለ ብየዳው ሄድኩ። አዎ፣ ወደ እሱ። ሦስት ዓመት በጩኸቱ ምክንያት የተኳረፍኩት፣ ሰላምታ የነሳሁት ጎረቤታችን። መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፋ አደረገና፣

«እትዬ፣ ዛሬ ደግሞ ምን አጠፋሁ?» አለኝ።

«ምንም። መስታወት የሚይዝልኝ ሰው አጣሁ።»

ይስቅብኛል ብዬ ነበር። አልሳቀም። እጁን ታጥቦ ተከተለኝ። መስታወቱን ግድግዳው ላይ እያስጠጋ «እዚህ?» ይለኛል፣ አይ እለዋለሁ፤ «አሁንስ?» ሲለኝ የማየው ያንተን አፍንጫ ነው ስለው «እሱን የትም ብትሄጂ ታዪዋለሽ» ይለኛል። ማይኩ በታየኝ ቁጥር ብረት በሚያሰምርበት ጠመኔ ምልክት አደረገ። በግራ ሦስት፣ በቀኝ ሦስት፣ ፊት ለፊት ሁለት፣ አንዱን ጣሪያው ላይ። ስንጨርስ ወለሉ ላይ ተቀመጠና እስቲ አንብቢው አለኝ። አነበብኩለት። ገጹ ሲያልቅ አቆምኩ።

«ታዲያ ወንዙ መጨረሻው የት ሆነ?» አለኝ።

ከአንቺ ወዲህ «ከዚያስ?» ብሎ የጠየቀኝ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። ሲወጣ ደግሞ፣ ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት የብረት መቁረጫውን እንደማያስነሣ፣ እስከዚያ ምሳውን ተረጋግቶ እንደሚበላ ነገረኝ።

ሰኞ በስድስት ሰዓት ማይኩን ከፈትኩ። የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ስጨርስ የሚመልስልኝ ነገር ጠፋ። ደነገጥኩ። ለካ በዚያ ባዶ ክፍል የሚመለሰውን የገዛ ድምፄን ሳላውቀው ለምጄው ኖሯል፤ አንዳንዴ ከወዲያኛው ክፍል አንቺ «ቀጥዪ» የምትዪኝ ይመስለኝ ነበር። አሁን እሱም የለም። ዓይኔን ጨፈንኩና አንቺ ጨርቁ ላይ አጎንብሰሽ፣ ክር በጥርስሽ ስትበጥሺ አሰብኩ። ያነበብኩት ለአንቺ ነው። ትናንት ጆሮ ደወለና፣ «ክፍሉ ከድምፅዎ ውስጥ ጠፋ፤ ተቀብለነዋል፤ መጽሐፉን ይጀምሩ» አለኝ። ስልኩን ይዤ ብቻዬን ሳቅሁ፤ ከዚያ የምነግረው ሰው ስፈልግ ይሄን ወረቀት አነሣሁ።

መጽሐፉን ጨርሼ የማስረክበው በዚህ ወር መጨረሻ ነው። ሲያልቅ ቤት ሰው እጠራለሁ። ጆሮ እመጣለሁ ብሏል። ባለ ብየዳው ከነሚስቱ ይመጣል፣ አግዳሚ ወንበር ሠርቼ አመጣለሁ እያለ ነው። ጎረቤቶቹንም አንድ ሳይቀር እጠራቸዋለሁ፤ ቤቱን የጠረግሽው አንቺ ሳትሆኚ እኔ እንዳስጫንኩሽ በፊትሽ እነግራቸዋለሁ። ባልሽም ይምጣ፤ እስከ ዛሬ አፌን ሞልቼ እንኳን ደስ ያለህ አላልኩትም፣ አሁን ልበለው። ሥራ በዛብኝ፣ መንገዱ ራቀ፣ ደንበኛ ልብሱን ፈለገ የሚል ነገር አልሰማም። እህትሽ ነኝ፣ ናፍቀሽኛል፣ ቀኑንም አሁኑኑ ጻፊው፤ የሚመጣው ወር የመጀመሪያው እሑድ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት።