የዛሬውን ፊትህን ላክልኝ

ይድረስ ለልጄ ለሰማው። የቢቸናው ጊዮርጊስ በሰው አገር ከፊትህ ይቅደም። እኛ ደህና ነን፤ እኔ ብቻ ደክሞኛል።

እህትህ ሳባ በላክኸው ላፕቶፕ የኳስ ጌም ውስጥ የተጫዋቾችን ፊት በምናውቀው ሰው ፎቶ መቀየር አስተማረችኝ። አትሳቅ፣ አራተኛ ክፍል ደርሻለሁ! ለዳኛው የእድራችንን ሰብሳቢ የጋሼ ታዘበውን ፊት ሰጠሁት። አይተው፣ «አንቺ፣ እኔ ለማን አድልቼ አውቃለሁ?» ብለው ተቆጡ።

አጥቂው አንተ ነህ። ግን ያለኝ ፎቶ የዛሬ ስድስት ዓመት ስትሄድ የተነሳኸው ነው። እኔ እያረጀሁ አንተ ሜዳው ላይ ልጅ ሆነህ ትሮጣለህ። ሳባ «ጢም ልሳልለት?» ብትለኝ እምቢ አልኩ፤ እንዴት እንደበቀለ አላውቅማ።

እባክህ የዛሬውን ፊትህን ላክልኝ። አትዋብ፣ ከሥራ ስትወጣ እንዳለህ ተነሳ። ከስተህም ከሆነ ልወቀው። መድኃኔዓለም እግርህን ከእንቅፋት ይጠብቅልኝ።

እናትህ ፈንታዬ