ለአባባ አዛብቼ ያነበብኩት ገጽ

ውድ እህቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ባለቤትሽስ ደህና ነው? ትንሿስ ጥርስ አወጣች? ያ ጉንፋንሽ ለቀቀሽ ወይስ ከተማሪዎችሽ ጋር አብሮ ይማራል? እኛ ደህና ነን። አባባም ከዓይኑ በቀር ጤነኛ ነው፤ ምላሱማ ከድሮውም ብሷል።

ያለፈው ደብዳቤሽ ደርሶናል። እንደተለመደው አንባቢው እኔ ነኝ። አባባ ወንበሩን ወደ መስኮቱ አስጠግቶ "ቀስ ብለህ፣ ቃል ሳትዘል" ይለኛል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ባንክ የሠራሁት እኔ፤ ስለ ባንክ የሚታመነው ግን ያንቺ ወረቀት! ቅናት ነው፣ አልደብቅሽም።

ሙግታችንን ታውቂዋለሽ። እኔ ባንክ ደላላ ነው፣ ከአንዱ የተቀበለውን ለሌላው ያበድራል ባይ ነኝ። አንቺ የሊቃውንቱን ሦስት ሐሳብ ጻፍሽለት፦ አንዱ የኔው ነው፤ ሁለተኛው፣ አንድ ባንክ ብቻውን ባይችልም ገንዘቡ ከባንክ ባንክ ሲዞር ይባዛል ይላል፤ ሦስተኛው፣ ያንቺው፣ እያንዳንዱ ባንክ ብድሩን ሲመዘግብ ያኔውኑ አዲስ ገንዘብ ይፈጥራል የሚል። እዚህ ስደርስ ጉሮሮዬን ጠረግሁና "ወንድሜ ልክ ነው፤ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ" የሚል ቃል ከራሴ ፈጥሬ አነበብኩለት። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ያዝንብሻል ብዬ ነበር። ምን ያዝናል! ፈገግ ብሎ "አየህ፣ የተማረ ሰው እንዲህ ነው፤ ተሳሳትኩ ማለትን ያውቃል። አንተ ከተወለድክ አንድ ቀን ብለህ ታውቃለህ?" አለኝ። ለጎረቤታችን ለልብስ ሰፊውም ሳምንቱን ሙሉ ሲያወራለት ሰነበተ። በሰረቅሁት ድል እንኳ ያሸነፍሽው አንቺ ነሽ።

ማክሰኞ ለአንድ አናጺ ብድር ፈቀድን። በእልህ ቀኑን ሙሉ ተከታተልኩት። ካዝና ያዧን ገንዘቡን ከየት እንዳወጣች ብጠይቃት "ምን የወጣ ነገር አለና?" ብላ ሳቀችብኝ። የማንም ተቀማጭ በአንድ ሳንቲም አልጎደለም። እኔው በገዛ ጣቴ ቁጥሩን በአናጺው ሒሳብ ላይ ጻፍኩ፣ ዕዳውንም በሌላ በኩል መዘገብኩ፤ ከሰዓት በኋላ አናጺው የኛው ደንበኛ ለሆነው እንጨት ነጋዴ ከፈለበት። የሁለተኛው ሐሳብ ሰዎች ምን እንደሚመልሱ አላውቅም፤ በኔ ጠረጴዛ ላይ ግን ልክ ነሽ። ይህችን ቃል ለመጻፍ ሦስት ወረቀት ቀድጃለሁ።

አንድ ነገር ልለምንሽ። እውነቱን አንቺ እንዳትጽፊለት። እሑድ ከምሳ በኋላ ያንን ገጽ ቃል ሳልዘል ደግሜ አነብለትና ተሳሳትኩ እለዋለሁ። ያቺን ምስጋና አንድ ቀን ለራሴ እፈልጋታለሁ። የምፈራው "ይህንንም ከእህትህ ተማርከው" እንዳይለኝ ብቻ ነው።

ባለቤቴ ጉንጭሽን ትስማለች። ልጆቹ አክስታችን መቼ ትመጣለች ይላሉ። ባለቤትሽን ሰላም በይልኝ፤ ትንሿንም ሳሚልኝ። አባባ ምን እንደምጽፍ እየጠየቀኝ ነው፤ ሰላምታ ነው ብዬዋለሁ።

ቀናተኛው ወንድምሽ
ከአባባ ወንበር አጠገብ፣ ኅዳር 6 ቀን