ካሳዬ፣ ዳልቻ ደርሳ ወለደች

ካሳዬ፣ ዓለሜ፣

ከተለየኸን ሦስት ዓመት ሞላ። ዛሬ የምጽፍልህ ላለቅስብህ አይደለም፤ ልኮራብህ ነው። ዳልቻ ወለደች። ያቺ አንተ ስታርፍ ገና እናቷን ትጠባ የነበረችው ጥጃ፣ ማንም ሳይጎትትላት ሴት ወለደች።

ታላቅ እህቷን መቼም አልረሳሃትም። ኮርማ ፈለገች ብለን ደስ ብሎን ያለጊዜዋ አስጠቃናት፤ በምጥ እጃችን ላይ ሞተች። ሁለት ቀን እህል አልቀመስክም። ከዚያ ነው የእናትዮዋን ደረት በገመድ ለክተህ፣ ስንዝር አሳንሰህ ገመዱን የቋጠርከው። «የዳልቻ ደረት እዚህ ሳይደርስ ኮርማ እንዳይነካት፤ ብትጮህም አትስሚያት» አልከኝ።

ጦርነቱ ቀያችን መርሳ ሲገባ ገመዱን ወገቤ ላይ አስሬ፣ ዳልቻን እየነዳሁ ከውርጌሳ በላይ እህቴ ዘንድ ወጣሁ። እናቷ እግሯን አሟት ስለነበር ቀረች፤ ወታደሮች አረዷት። ከዘሯ የቀረችን ዳልቻ ብቻ ሆነች።

እዚያ ደርሰን ሳንረጋጋ ኮርማ ፈለገች። ትጮሃለች፣ ግድግዳ ትገፋለች። የእህቴ ጎረቤት አያ ይመር ኮርማቸውን አስከትለው መጡ። «አስጠቂያት። ወታደር ቢመጣ እርጉዝ ናት ብንለው ይተዋት ይሆናል፤ ባዶዋን ግን አይምራትም» አሉኝ።

ነገራቸው እውነት ነበረው፣ ካሳዬ። ገመዱን ከወገቤ ፈትቼ ለካኋት፤ አራት ጣት ጎደላት። ከቢላ ባተርፋት ለምጥ ልሰጣት ነው አልኩና እምቢ አልኩ። ቤት አስገብቼ መደቡ አጠገብ አሰርኳት።

አያ ይመር ሳቁብኝ። «አንቺ ሴት፣ ጊደሯን ልታመነኩሻት ነው? ቆብ ላምጣላት?»

«ቆቡን ለኮርማዎ ያድርጉለት፣ አያ» አልኳቸው። እህቴ ሳይቀር ሳቀችብኝ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ደግማ ፈለገች፤ ደግሜ አሰርኳት። ወታደሮቹ ከታች ባለው መንገድ ባለፉ ቁጥር አፏን በነጠላዬ እይዝ ነበር። የኔ ነገር፣ ጊደር ዝም የምትል መስሎኝ።

መንገዱ ሲከፈት ተመለስን። በራችን ተነቅሏል፣ ሣጥናችን የለም፣ የቁልቋሉ አጥር ብቻ ቆሟል። ከጎረቤት የማሽላ አገዳ እየለመንኩ አበላኋት። ሰው ቤቱን ሲጠግን እኔ የጊደር ደረት ስለካ እብድ ነው ያሉኝ። አንድ ቀን ጠዋት ገመዱ ቋጠሮው ላይ ገጠመ። አላመንኩም፤ ሦስቴ ለካሁ። ዳሌዋን ስዳብሰው ሰፍቷል። ብቻዬን በረት ውስጥ እልል አልኩልህ።

ያንኑ ቀን ዳገቱን አያ ይመር ደጅ ድረስ ነዳኋት። «ምንኩስናዋን ትታለች» ስላቸው ያ ሁሉ ሳቃቸው ጠፋና ኮርማውን ፈቱልኝ።

ጥጃዋ ተወልዳ ፀሐይ ሳይሞቅ ቆማ ጠባች። እንገሩን አፍልቼ ለሰፈሩ ሁሉ አካፈልኩ። በሳምንቱ አያ ይመር ራሳቸው መርሳ ድረስ ወርደው፣ «እስቲ ያን ገመድ አውሺኝ፤ የእኔንም ጊደር ልለካበት» አሉኝ። አሁን ሴቶቹም በየበረታቸው ይጠሩኛል። አንዷ ማን አስተማረሽ ስትለኝ፣ ካሳ ነው፣ የኔ ባል፣ እላታለሁ፤ ድምፄን ከፍ አድርጌ።

ስለዚህ እንዳትሰጋ፣ ዓለሜ። እኔ በሕይወት እስካለሁ ድረስ፣ በዚህ ሰፈር አንዲትም ጊደር ስምህ ሳይጠራ ወደ ኮርማ አትሄድም።