ብርድ ልብስ ውስጥ የሠራሁት ስፖርት

ውድ እታለም፣

ይህን ደብዳቤ የምታነብልሽ ልጅሽ ናት። መነጽርሽ ስትወድቂ እንደተሰበረ ነግራኛለች። አንቺ ልጅ፣ አደራሽን፣ አጎትሽን የሚያሳፍረው ቦታ ላይ ስትደርሺ ዘለሽ እንዳታልፊው። እናትሽ ብታኮርፍም አታቁሚ፣ እስከ መጨረሻው አንብቢላት።

እታለም፣ በስልክ ልነግርሽ ሦስት ጊዜ ሞክሬ ነበር። ሦስቱንም ጊዜ "ደህና ነኝ፣ አንተ ብቻ በርታ" ብለሽ ዘጋሽብኝ። ደብዳቤ ጆሮ ላይ አይዘጋም ብዬ ነው ወረቀት ያነሳሁት።

ልጅሽ ባለፈው ሰኞ ሁሉንም ነግራኛለች። ዳሌሽ ከተጠገነ አሥራ አንድ ቀን ሆኖታል። ሐኪሙ በሦስተኛው ቀን ተነስተሽ እንድትቆሚ አዞ ነበር፤ አንቺ ግን ፊትሽን ወደ ግድግዳው አዙረሽ ተኝተሻል። በዚህ ሳምንት ካልተነሳሽ እግርሽ እንደዚያው ደርቆ እንደሚቀር፣ ከእንግዲህም ከአልጋ እንደማትወርጂ ነግረውሻል። ነርሷ ስትለምንሽ የመለስሽላትንም ሰምቻለሁ። "እኔ አቅም የለኝም። ጎበዝ ማየት ከፈለግሽ ወንድሜን እዪ፤ ስምንት ወር ሙሉ አንድ ቀን አላጎደለም። እኔ ይኸው ወደቅሁ" ብለሻታል። ይህን ስሰማ የምሰፋበት ረጅሙ የፍራሽ መርፌ ከእጄ ወደቀ።

እንግዲህ ልንገርሽ። ያ ጎበዝ ወንድምሽ የለም።

ነገሩ የተጀመረበትን ቀን አትረሺውም። ስኳርሽ ከፍ ብሎ፣ ሐኪሙ "በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ስፖርት ካልሠራሽ ወዮልሽ" ብሎ ያስፈራራሽ ለታ ደወልሽልኝ።

"ብቻዬን አልሠራም" አልሽ። "አንተ ከሠራህ እሠራለሁ።"

"እኔ ደግሞ ምን አለብኝ?"

"ሆድ አለብህ።"

ከዚያ ደግሞ "ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ" ብለሽ ተረትሽብኝ። እኛ ሁለት ስለሆንን ሃያ አምስት ሃያ አምስት ሎሚ ይደርሰናል ብዬ ቀለድኩ። ሳቅሽ። በሳቅሽ ተሸነፍኩና እሺ አልኩ።

ስምምነታችን ቀላል ነበር። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ስንጀምር አንድ ሚስኮል፣ ግማሽ ሰዓት ሠርተን ስንጨርስ ሌላ ሚስኮል። ማንሳት የለም፣ ማውራት የለም። ሐኪሙ የሰጠሽን ወረቀት ኮፒ አድርገሽ ከአንድ ሰማያዊ ምንጣፍ ጋር ላክሽልኝ። ወረቀቱ ላይ አሥሩን እንቅስቃሴ የሚያሳየው ያ አፍንጫ የሌለው፣ ሁልጊዜ ፈገግ ያለ ሥዕል ሰውዬ ነበር። "አቶ ቀጥ በል" ብለሽ ስም ያወጣሽለት አንቺ ነሽ። እኔ ቁም ሳጥኑ በር ላይ ለጠፍኩት።

ሦስት ቀን ሠራሁ። እነዚያ ሦስት ቀናት እውነት ናቸው። ቁጭ ብድጉ ጉልበቴን እንደ አሮጌ በር ሲጢጥ አሰኘው፤ ደረጃ መውጣት እንኳ አቃተኝ። በአራተኛው ቀን ዝናብ ነበር። የመጀመሪያውን ሚስኮል አደረግሁና "አምስት ደቂቃ ብቻ" ብዬ ብርድ ልብሱን ሳብኩት። ስነቃ ያንቺ የመጨረሻ ጥሪ ስልኬ ላይ ተቀምጧል። ምን ልበል? እኔም ደወልኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስልኬን ሁለት ጊዜ እንዲቀሰቅሰኝ አደረግሁት፤ አንዴ ለመጀመሪያው ሚስኮል፣ አንዴ ለመጨረሻው። በመካከሉ እተኛለሁ።

ያን የመካከሉን እንቅልፍ እንዴት ብዬ ላስረዳሽ? ሃያ ዓመት ሙሉ ፍራሽ ስሰፋ፣ የስንቱ ሰው እንቅልፍ በእጄ ሲያልፍ፣ እንደዚያ ያለ እንቅልፍ አይቼ አላውቅም። ግማሹ መንቃት ነው፣ ግማሹ መተኛት። በመጋረጃው ክፍተት የሚገባው ብርሃን ገና ቀለም አልያዘም። የሆነ ቤት ቧንቧ ይንጠባጠባል። እና እኔ ስፖርት እሠራለሁ፣ በሕልሜ። ወለሉ ከዳር እስከ ዳር ስፖንጅ ነው። አንዴ ከዘለልኩ ቶሎ አልወርድም፤ ጣራው ጋ ደርሼ፣ እዚያ ትንሽ ቆይቼ፣ ደስ ባለኝ ሰዓት ቀስ ብዬ እመለሳለሁ። አቶ ቀጥ በል ከወረቀቱ ወርዶ ከጎኔ ይሠራል። አፍንጫ ስለሌለው አያለከልክም። አንቺም አለሽ። ግን የሃምሳ አራት ዓመቷ አንቺ አይደለሽም። የአሥራ ሦስት ዓመቷ ነሽ፣ እናታችን ከሞተች በኋላ እኔን በጀርባሽ አዝለሽ ከጓደኞችሽ ጋር ገመድ ትዘይ የነበርሽው። ገመዱ መሬቱን ሲመታ ይሰማኛል። ትቆጥሪያለሽ፤ ስልሳ ስትደርሺ ይጠፋብሽና እንደገና ከአርባ ትጀምሪያለሽ። እኔ ጉንጬን ጀርባሽ ላይ አድርጌ ቁጥሩ እንዳያልቅ እመኛለሁ።

አንዳንድ ጊዜ በላብ ተነክሬ እነቃ ነበር። ይኸው ላቡ፣ ይኸው ድካሙ፣ ሠርቻለሁ ማለት አይደል እላለሁ ለራሴ። አንድ ቀንማ ክንዴን ዳስሼ የጠነከረ ስለመሰለኝ እያፏጨሁ ሥራ ገባሁ። ስፖንጅ ቆራጩ ባልደረባዬ "ምን አግኝተህ ነው?" ቢለኝ "ስፖርት ነዋ!" አልኩት። ሆዴን አየት አድርጎ ወደ ቢላዋው ተመለሰ።

በአምስተኛው ወር ልታዪኝ መጣሽ። መምጣትሽን ስሰማ ያደረግሁትን ስሚ። ሰማያዊው ምንጣፍ እንደተጠቀለለ ከነማሰሪያው አልጋ ሥር ነበር። ፈትቼ ዘረጋሁትና ጫማዬን አድርጌ ወዲያ ወዲህ ተመላለስኩበት። ጠርዙን በመቀስ ፋቅሁት፣ መሃሉን በውሃ አርሼ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት። ያረጀ እንዲመስል ነው። በዚያ ቀን ከሠራሁት ሥራ ይልቅ ስፖርቱን ብሠራ ይቀለኝ ነበር።

ሦስት ፎቅ ሳታርፊ ወጥተሽ አንኳኳሽ። ትንፋሽሽ እንኳ አልተቆራረጠም። ቀጥነሻል፣ አንገትሽ ቀና ብሏል፣ ከእኔ ታናሽ መስለሻል። ቦርሳሽን ሳታስቀምጪ ምንጣፉ ላይ ጎንበስ ብለሽ በእጅሽ ዳሰስሽው።

"አንተ! ጨረስከው እኮ! የእኔ እንኳ እንዲህ አላለቀም።"

"ምን ላድርግ፣ ከያዝኩ አልለቅም።"

"ሆድህስ ታዲያ?"

"ወንድ ላይ ቀስ ብሎ ነው የሚጠፋው።"

"እንዴ! ሆድ ደግሞ ወንድና ሴት ይለያል?" ብለሽ በጣትሽ ወጋ አደረግሽኝ።

በማግስቱ ጠዋት ጎን ለጎን ቆምን። ሦስተኛው እንቅስቃሴ ላይ ዓይኔ ጨለመብኝ። ወገቤን ይዤ ቁጭ አልኩና "ትናንት ከባድ ፍራሽ አንስቼ ነው" አልኩሽ። አንቺ ያንቺን ስፖርት ትተሽ፣ ዘይት አሙቀሽ፣ ጤነኛ ወገቤን አሸሽልኝ። "ማሙሽዬ፣ ራስህን አትግደል እንጂ። እንዳንተ የሚተጋ ሰው አላየሁም" ትዪኝ ነበር። ፊቴን ትራሱ ውስጥ ቀብሬ ልናገር አፌን ከፈትኩ። እጅሽ ሞቀኝና እንቅልፍ ወሰደኝ።

ለምን አልነገርኩሽም? ብነግርሽ ታቆሚያለሽ ብዬ ፈርቼ ነበር። ይህ ግማሹ ነው። ሌላው ግማሽ፣ በዕድሜዬ ሁሉ ትጉ ያለኝ ሰው ስለሌለ ቃሉን መልሼ ላስረክብሽ ስላልፈለግሁ ነው። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ፤ የእኔ እያደር ከበደኝ።

አሁን ልደርስበት ያልፈለግሁት ቦታ ላይ ደረስኩ። የወደቅሽበት ጠዋት። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተደዋወልን። ተኛሁ። አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ነቅቼ የመጨረሻውን ሚስኮል አደረግሁ። ያንቺ ግን አልመጣም። አላስተዋልኩም ብዬ ሌላ ውሸት አልጨምርም፤ አስተውያለሁ። ስምንት ወር ሙሉ ቀርቶ የማያውቅ ጥሪ ቀረ፣ እኔም "ባትሪዋ አልቆ ይሆናል" ብዬ ተገላበጥኩ። እንዲያውም ደስ አለኝ። ዛሬስ እሷም ሰነፈች፣ እኩል ሆንን አልኩ። ከዚያ ወደ ስፖንጁ ወለል ተመልሼ መዝለል ጀመርኩ።

አንቺ በዚያ ሰዓት ለስፖርት ከምትወጪ ከምትወርጂበት ደረጃ ወድቀሽ፣ ከሥሩ ሲሚንቶ ላይ ነበርሽ። ደግሜ ብደውል፣ ስልኩ ቢጮህ ቢጮህ፣ ልጅሽ ከእንቅልፏ ትነሳ ነበር። አርባ ደቂቃ ያህል ብርድ ላይ ተጋደምሽ። ልጅሽ ስታገኝሽ መጀመሪያ ያልሻትን ነገር ነገረችኝ። ስልኩ ከላይ ጠረጴዛው ላይ አንድ ጊዜ ሲጮህ ሰምተሽ፣ "ተመስገን፣ እሱ እንኳ ጨረሰ" ብለሽ ነበር።

እታለም፣ ምንም አልጨረስኩም። ተኝቼ ነበር። ሐኪም ቤት መጥቼ ሳልጠይቅሽ የቀረሁትም ሥራ በዝቶብኝ አይደለም፤ ዓይንሽን ፈርቼ ነው። ይቅርታ የሚለው ቃል ለዚህ አንሶብኛል።

አሁን ግን አንድ ነገር አስቢ። እኔ ተኝቼ ከነበረ ያን ሁሉ ቁጭ ብድግ ማን ሠራው? ያን ሁሉ ደረጃ ማን ወጣው? በዝናቡም፣ በብርዱም፣ ልጅሽ ትኩሳት ይዟት ባደርሽበት ማግስትም፣ ክፍሉ ውስጥ ካንቺ በቀር ሰው አልነበረም። አብሮኝ ይሠራል ያልሽው ሰው ብርድ ልብስ ተከናንቦ ያንኮራፋ ነበር። ስኳርሽን ያወረድሽው ብቻሽን ነው። ሦስት ፎቅ ሳታርፊ ያወጣሽ ያንቺው እግር ነው። ከወንድሜ አነስኩ ብለሽ ወደ ግድግዳ ዞረሻል አሉኝ፤ ከማን እንዳነስሽ ልጅሽ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ትድገምልሽ።

ከሰኞ ወዲህ እየተነሳሁ ነው። ማንም አልደወለልኝም፣ ለማንም አልደወልኩም። የእውነቱ ስፖርት እንደ ሕልሙ አይደለም። ወለሉ ይቆረቁራል፣ የዘለለ ሰው ወዲያው ይወርዳል። ዛሬ ሰባት ደቂቃ ሠራሁ። ከታች ያሉት ጎረቤት በመጥረጊያ እንጨት ጣራቸውን ደበደቡብኝ። ሲያቅተኝ ምንጣፉ ላይ በጀርባዬ ተዘረርኩ። ብርሃኑ በመጋረጃው ገብቶ፣ በግድግዳው ወርዶ፣ እግሬ ጋ እስኪደርስ እዚያው ቆየሁ። አንቺ ይህን ብርሃን ስምንት ወር ሙሉ በየጠዋቱ አይተሽዋል። ለካ እንዲህ ያምራል፤ አንድ ቀን እንኳ አልነገርሽኝም። አብሬሽ ያየሁት መስሎሽ ይሆናል።

ቅዳሜ ጠዋት እመጣለሁ። ደብዳቤው አርብ ይደርስሻል። አንድ ቀን ሙሉ እንድትናደጂ ብዬ ነው ያስቀደምኩት። ተናደጂ። በደንብ ተናደጂ፤ ይገባኛል።

ከአልጋሽ እስከ ክፍሉ በር ስድስት እርምጃ ነው ብላኛለች ልጅሽ። ስመጣ አልጋሽ አጠገብ አልቀመጥም፣ ትራስሽን አላስተካክልም። በሩ ላይ እቆማለሁ። ተኝተሽ "ይቅር ብዬሃለሁ" ብትዪኝ አልቀበልሽም። ነርሷ በአንድ ወገን ትይዝሻለች፣ ልጅሽ በሌላው። ልጅ ሳለሁ ባጠፋሁ ቁጥር በጥፊ ልትዪኝ ስትመጪ እንደ ጥንቸል እሮጥ ነበር፤ በዚህ ሆዴ የትም አልሮጥም። ቅዳሜ ሁለት እርምጃ ከሆነልሽ ሁለት ይሁን፤ እሁድም፣ ሰኞም እዚያው ነኝ። ከፍራሽ ቤቱ የሁለት ሳምንት ፈቃድ ወስጃለሁ።

ተነሺና ምቺኝ።

ስምንት ወር የተኛው ወንድምሽ